የአያ ጓዴ ቀይ ነጥቦች

ለዓመታት ለፍታችሁ፣ ደብተር ጨርሳችሁ፣ ተፈትናችሁ ያወቃችሁትን ነገር፣ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ሰው ከእናንተ አሳምሮ ሲያውቀው አጋጥሟችሁ ያውቃል? አጋጥሟችሁስ ከሆነ፣ በሰውየው መደሰት ሲገባችሁ ሆዳችሁን ቆርጧችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። አልደብቅም፣ ቀንቻለሁ። ቅናቴም የአንድ ቀን አልነበረም። ከሁለት ዓመት በላይ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በሥራ ሰዓት ቀንቻለሁ።

የቀናሁባቸው ሰው አያ ጓዴ ይባላሉ። ጎንደር ውስጥ እኔ አውቶሞቲቭ በማስተምርበት የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ የወርክሾፑ እቃ ጠባቂ ነበሩ። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ሳለ ዲናችን ወይዘሮ አልማዝ በሩን ገፋ አድርገው ገቡና ተቀመጡ። ወይዘሮ አልማዝ ሁልጊዜ ቆመው ነው የሚናገሩት። ሲቀመጡ ደግ ወሬ እንዳልያዙ ገባኝ። አያ ጓዴ ጡረታ ወጥተው በገቡበት በአገራቸው በጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ላይ፣ ጥቂት ቀን ታመው ማረፋቸውን፣ ቀብራቸውም እዚያው መፈጸሙን ነገሩኝ። የቀይ እስክሪብቶዬን ክዳን ገጠምኩ፣ መልሼ ከፈትኩ፣ መልሼ ገጠምኩ።

ተማሪዎቹን መርዶ ያረዳኋቸው እኔ ነኝ። ሴቶቹ አለቀሱ። ወንዶቹም የሥራ ልብሳቸውን እጅጌ ዐይናቸው ላይ እያደረጉ ወደ መስኮቱ ዞሩ። እኔ ፊታቸው ቆሜ፣ እኔ ብሞት እንዲህ ያለቅሱልኝ ይሆን ወይ ብዬ አሰብኩ። ቅናት ከቀብር በኋላም እንቅልፍ እንደማይወስደው በዚህ እወቁልኝ።

እንግዲህ ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

አያ ጓዴ የተማሩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ወጣትነታቸውን ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ በሚመላለሱ የጭነት መኪኖች ላይ አሳልፈዋል። መጀመሪያ ረዳት ነበሩ፣ በኋላ ሾፌር ሆኑ። በዚያ መንገድ ላይ መኪና ሲሰበር ጋራዥ የሚባል ነገር ስላልነበረ ጥገናውንም የተማሩት በግድ ነው። አጠር፣ ደረቅ ያሉ ሰው ነበሩ፣ ቀኝ ትከሻቸው ከግራው ትንሽ ዝቅ ይላል። ማንኛውንም የመኪና እቃ ከመንካታቸው በፊት የቀኝ እጃቸውን አውራ ጣት በግራ እጅጌያቸው ላይ ይጠርጋሉ። ስለዚህ የካፖርታቸው ግራ እጅጌ እንደ ከሰል ጥቁር፣ ቀኙ ግን ለቤተ ክርስቲያን የሚለበስ ያህል ንጹሕ ነበር።

ስለ መኪና ሲያወሩ ሁልጊዜ በሴት ነው። ‹‹ማኪናዪቱ›› ይሏታል። ስሯ ከመግባታቸው በፊት ቁና የምታህል የእንጨት ሳጥን ገልብጠው ይቀመጡና ብዙ ጊዜ ወስደው ያይዋታል። ‹‹ምነው? ምን ሆንሽ?›› ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ተማሪ ብሎን ይዞ መጥቶ ይህ ምን ይባላል ብሎ የጠየቃቸው እንደሆነ ‹‹ስሙን መምህርህ ይነግርሃል፣ አንተ ግን ቤቱን ንገረኝ፣ ከየት ነው ያወጣኸው?›› ይሉታል። ልጁ ከየት እንዳወጣው ካላወቀ እቃውን አይቀበሉትም። ሄዶ ቦታውን አይቶ እስኪመለስ ድረስ ሳጥናቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁታል።

እኔ ደግሞ እንዲህ ነኝ። ትምህርቴን በዕቅድ ነው የምሰጠው። በየርዕሱ ሥዕል አለኝ፣ ሥዕሎቹን በቀለም ለይቻቸዋለሁ። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ የታተመ ማስታወሻ አዘጋጃለሁ። ተማሪዎቹ ታዲያ የእረፍት ደወል ሲደወል ማስታወሻውን ዴስክ ላይ ጥለው የአያ ጓዴን ሳጥን ይከባሉ። በተለይ ሰሚራ የምትባል አንዲት ተማሪ አለችኝ። አባቷ አራዳ ሰፈር የመዋቢያ እቃ ሱቅ አላቸው፣ እሷ ግን ከሽቶ ይልቅ ግራሶ የምትወድ ብልህ ልጅ ናት። በእኔ ክፍለ ጊዜ እጇን አገጯ ስር አድርጋ ታዳምጣለች፣ አንድ መስመር አትጽፍም። አያ ጓዴ የሚሉትን ግን ወረቀት እስክትፈልግ ድረስ እንኳ ሳትታገሥ መዳፏ ላይ ትጽፈዋለች። ለእሷ የሰጠሁት ማስታወሻ ስለ ዘንግ ብቻ ሰባት ገጽ ነበር።

እኔን ‹‹ቲቸር›› ይሉኛል። እሳቸውን ግን እንደ ቤተሰብ ታላቅ ‹‹አያ›› ይሏቸዋል። ልዩነቱን ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አሁን ስለ ዘንጉ ላስረዳ፣ የሆነው ሁሉ የሆነው በእሱ ምክንያት ነውና። የፒክአፕ መኪና ሞተሩ ፊት ነው፣ መኪናውን የሚገፉት ጎማዎች ግን ኋላ ናቸው። የሞተሩን ዙር ከካምቢዮው፣ ከማርሽ ሳጥኑ፣ ተቀብሎ የኋላ ጎማዎችን ወደሚያዞረው ዲፈረንሻል የሚያደርስ፣ በመኪናው ሆድ ስር የተዘረጋ ረጅም ዘንግ አለ። እኛ ሰሌዳ ላይ ድራይቭ ሻፍት ብለን እንጽፈዋለን። በፊትና በኋላ ጫፉ እንደ ሹካ ሁለት ሁለት ጆሮ አለው። በጆሮዎቹ መካከል ክሮቼራ የሚባል የመስቀል ቅርጽ ያለው መታጠፊያ ይገባል። ዘንጉ ራሱ ሁለት ቁራጭ ነው። ዙሪያውን ጥርስ የወጣለት አንደኛው ቁራጭ ሌላኛው ውስጥ ገብቶ ይንሸራተታል፣ መኪናዋ ጉድጓድ ላይ ስትነጥር እየረዘመና እያጠረ እንዲሄድ።

ጥርሶቹ ብዙ ስለሆኑ ሁለቱን ቁራጮች በብዙ ዓይነት አቅጣጫ መግጠም ይቻላል። መጽሐፉ የሚያዝዘው የፊተኛው ሹካ ጆሮዎችና የኋለኛው ሹካ ጆሮዎች በአንድ መስመር እንዲሆኑ ነው፣ የፊቱ ሲጋደም የኋላውም እንዲጋደም። ይህን ትእዛዝ የሚፈጽሙ አገጣጠሞች ግን ሁለት ናቸው። አንደኛውን ገጥማችሁ ስታበቁ አንዱን ቁራጭ ግማሽ ዙር ብታዞሩት ጆሮዎቹ እንደገና መስመር ይይዛሉ። በዐይን ሲታይ ምንም ልዩነት የለውም። ዘንጉ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ሚዛኑ የተስተካከለው በአንደኛው ብቻ ነው። በግልባጩ ከገጠማችሁት በዝግታ ስትሄዱ ዝም ይላችኋል፣ ፍጥነት ስትጨምሩ ይንቀጠቀጣል። ለዚህ ነው ዘንግ ከመፈታቱ በፊት ምልክት የሚደረግበት።

አያ ጓዴ ምልክት የሚያደርጉት በጥፍር ቀለም ነበር። ጠመኔ ግራሶ ላይ አይዝም ይሉ ነበር። ብረትን መጫር ደግሞ አይወዱም። የመጀመሪያውን ብልቃጥ አራዳ ወርደው ሲገዙ ሱቅ ውስጥ የነበረችው ሰሚራ ናት። አባቷ ሰውየውን ከእግር እስከ ራስ አይተው፣ ለሙሽራ ነው ወይ አያ ብለው ጠየቋቸው። ‹‹ለማኪናዪቱ ናት›› አሉ አያ ጓዴ፣ ‹‹ቀዩን ስጠኝ፣ እሷ ጥቁር ለባሽ ናት።›› ሰሚራ ይህን ለክፍሉ ስትተርክ ተማሪው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። የጥፍር ቀለሙ በዚያ ዓመት ከማስተምረው ከማንኛውም ነገር በላይ ታዋቂ ሆነ። አያ ጓዴ ሁለት የሚጋጠሙ ብረቶች ላይ ፊት ለፊት አንዳንድ ቀይ ነጥብ ያስቀምጣሉ። ሲገጣጠሙ ነጥብ ከነጥብ ይገናኛል፣ በቃ።

እንግዲህ በዚህ ምን ያስቀናል ትሉኝ ይሆናል። እኔ ለሥዕል ስንት ማታ አምሽቼ ለዘንግ ምልክት የሚሆን ይህን የመሰለ ቀላል ነገር አላሰብኩም ነበር። ያስቀናኝ ይህ ነው።

አንድ ሳምንት የኮሌጁን ፒክአፕ ክሮቼራ መቀየር ለተማሪዎቹ በተግባር ላሳያቸው አሰብኩ። አያ ጓዴ ከአንድ ቀን በፊት ምልክት አድርገው፣ ዘንጉን ፈትተው ለሁለት ለይተው፣ ከነጭቃው ጠረጴዛው ላይ አስተኙልኝ። ጠዋት ስገባ ቀያዮቹን ነጥቦች አየኋቸው። ምን እንደሆኑም አሳምሬ አውቅ ነበር። ይህ ይታወቅልኝ፣ ባለማወቅ አላደረግሁትም።

ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ በራሴ እጅ በሁለት ቀለም የጻፍኩት ሕግ ተሰቅሏል። ‹‹ከሥራ በፊት እጥበት›› ይላል። ንጽሕና እወዳለሁ። በዚህ ሕግ መሠረት ዘንጉ ይታጠብ አልኩ። ተማሪዎቹ በናፍጣ አጠቡት፣ ጭቃውና ግራሶው ለቀቀ፣ ነጥቦቹ ግን ከበፊቱ ይልቅ ደምቀው ወጡ። ያን ጊዜ ‹‹የጥፍር ቀለም ቦታው የውበት ሳሎን ነው፣ እኛ የምንሠራው በፋብሪካው ምልክት ነው›› አልኳቸው። ሳቁ። በእኔ ቀልድ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር፣ ጣፈጠኝ። በዚያው ሞቅታ ቲነር አስመጣሁና ጨርቅ ነክሬ ነጥቦቹን በገዛ እጄ ጠረግኋቸው።

ሰሚራ ብቻ አልሳቀችም። ምልክት እኮ ነው ቲቸር አለችኝ። ፋብሪካው ያተመው ቀስት ከስር ይገኛል፣ መጽሐፉ በግልጽ ይናገራል አልኳት።

ቀስቱ በአንደኛው ቁራጭ ላይ ተገኘ። ሁለተኛው ቁራጭ ግን ከዓመታት በፊት ተቀይሮ፣ ሚዛኑም ያኔ እንደገና ተስተካክሎ ኖሯል፣ ምንም ቀስት የለበትም። መንገድ የሚያመለክት ቀስት፣ የሚያመለክትለት ግን የሌለው፣ ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ።

መሣሪያ ከሚያድሉበት ከእቃ ማውጫው መስኮት በኩል አያ ጓዴ ያዩናል። ጨርቁ መቅላቱንም አይተዋል። ያን ሰዓት አንድ ጊዜ አያ ብዬ ብጠራቸው ነገሩ ሁሉ ያልቅ ነበር። ሃያ ሁለት ተማሪ ከቦኝ ቆሟል። አልጠራኋቸውም። ክሮቼራዎቹን ከቀየርን በኋላ ሲባጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥሬ የፊቱንና የኋላውን ጆሮዎች መስመር አስያዝኩ። ከሁለቱ አገጣጠሞች አንደኛውን መረጥሁ። ለምን እሱን እንደመረጥሁ የጠየቀኝ አልነበረም፣ ቢጠይቀኝም መልስ አልነበረኝም። ፊቴ ላይ ግን ሙሉ እርግጠኝነት ነበር። መምህር ስትሆኑ ይህን ፊት ቶሎ ትለምዱታላችሁ።

አያ ጓዴ ያኔ ወጥተው መጡ። አውራ ጣታቸውን እጅጌያቸው ላይ ጠረጉ፣ ዘንጉን ግን አልነኩትም።

‹‹መምህርየ፣ ግልባጩንስ አይተኸዋል?›› አሉኝ ቀስ ብለው።

‹‹ሁለቱም አንድ ነው፣ አያ።››

‹‹አንድ ነው?››

‹‹በሕጉ መሠረት አንድ ነው።››

‹‹ሸጋ›› አሉና ተመልሰው ሳጥናቸው ላይ ተቀመጡ። ዘንጉን መኪናው ስር ገብቼ እኔው ራሴ ገጠምኩት፣ ብሎኖቹን በሥዕሌ ተራ መሠረት አጠበቅሁ። ተማሪዎቹ ቆመው አዩኝ።

በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ አልማዝ መካነ ብርሃን ላይ ለሚሰጥ አጭር ሥልጠና መሣሪያ ማድረስ ፈለጉ። መንገዱን የሚያውቁት አያ ጓዴ ስለሆኑ መሪውን እሳቸው ያዙ፣ ወይዘሮ አልማዝ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን። ከጎንደር ስንወጣ ዳገት ስለሆነ መኪናዋ እያዘገመች ወጣች፣ ምንም ነገር የለም። ልቤ ረጋ። አምባ ጊዮርጊስን አልፈን መንገዱ ሲዘረጋ አያ ጓዴ ፍጥነት ጨመሩ። ያን ጊዜ ከወለሉ፣ ከጫማዬ ስር፣ አንድ ነገር መንዘር ጀመረ። ቀጥሎ ወንበሩ ነዘረ። ወይዘሮ አልማዝ ከፊታቸው ያስቀመጡት የመነጽር ቤት እየተንገጫገጨ ወደ ጫፍ ተጓዘና ወደቀ። አያ ጓዴ ፍጥነት ቀነሱ፣ ንዝረቱ ጠፋ። ጨመሩ፣ ተመለሰ። አሁንም ቀነሱ፣ አሁንም ጨመሩ። ሁለተኛውን ጊዜ ለእኔ ብለው እንዳደረጉት ዛሬም አልጠራጠርም። በመስታወቱ ግን አላዩኝም።

ጥግ ይዘው አቆሙ። ወረድን። በዚህ ሁኔታ ከደባርቅ ወዲያ ያለውን ገደላገደል መውረድ እንደማይቻል፣ ብሎኑ ቢበጠስ ዘንጉ መሬት ወግቶ መኪናዋን ሊገለብጣት እንደሚችል አያ ጓዴ ለወይዘሮ አልማዝ በእርጋታ አስረዷቸው። ወይዘሮ አልማዝ የመኪና ሰው አይደሉም፣ ግን ነገር አይረሱም። በዚያ ሳምንት ስሯ መፈታቱን ያውቃሉ።

‹‹መልሶ የገጠመው ማነው?›› አሉ።

መልሱ ሁለት ቃል ነው። እኔ ነኝ። አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ሰሚራ ታየችኝ፣ ሃያ ሁለቱም ታዩኝ፣ በሥዕል ላይ ያፈሰስኩት ቀለም ሁሉ ታየኝ። ይህ ወሬ ኮሌጁ ከደረሰ ከዚያ በኋላ ማንም ሰሌዳዬን እንደማያይ፣ ሁሉም ጠቅልሎ ወደ ሳጥኑ እንደሚሄድ ተሰማኝ። አፌን ዘጋሁ። ጤፍ የጫኑ ሁለት አህዮችና ባለቤታቸው አልፈውን ሄዱ። አያ ጓዴ ያዩኝ ነበር። ቁጣ የለባቸውም። ብሎኑን ከየት እንዳወጣው አይቶ እስኪመለስ የሚጠብቁትን ልጅ እንደሚያዩት ነበር ያዩኝ።

‹‹ያ የጥፍር ቀለምዎ ነው እንግዲህ፣ አያ ጓዴ›› አሉ ወይዘሮ አልማዝ በመጨረሻ። ቃላቸው ላይ ድካም እንጂ ክፋት አልነበረበትም።

አያ ጓዴ ትንሽ ጊዜ ደግሞ ሰጡኝ። ከዚያ ‹‹እንፈታታለን፣ እመቤቴ›› አሉና የአስራ አራት ቁጥር መፍቻ ይዘው ስሯ ገቡ።

ተከትያቸው ገባሁ። ካርቶን ዘርግተን በጀርባችን ተጋደምን፣ ዘንጉን ፈትተን ደረታችን ላይ አወረድነው። እኔ በሆዴ አሁን ምን ዋጋ አለው፣ ምልክቱ የለ፣ ቀስቱ ጎደሎ፣ ሁለቱን እየሞከሩ ከመንዳት በቀር መለያ የለም እል ነበር። አያ ጓዴ ሁለቱን ቁራጮች አለያዩና ጥርሶቹን በጨርቅ ጠርገው በእጄ አስያዙኝ።

‹‹ዐይንህን ጨፍን።››

ጨፈንኩ። መጀመሪያ እኔ በገጠምኩበት አኳኋን ቀስ አድርጌ እንዳስገባው አዘዙኝ። ገባ። ግማሽ መንገድ ላይ ግን ልብ ካላሉት የማይሰማ ቅንጣት መያዝ ነበረው፣ የሌላ ሰው ጫማ ስታደርጉ ተረከዛችሁ ላይ እንደሚሰማችሁ ያለ። መልሼ አወጣሁት። ግማሽ ዙር አዙረው ደግመህ አስገባ አሉኝ። ገባ። ምንም አልያዘውም። እስከ መጨረሻው ድረስ ራሱ የሚሄድ መሰለኝ።

‹‹አብረው ያረጁ ናቸው›› አሉ። ‹‹አንዱ የሌላውን ጠባይ ያውቃል። አጥበህ የማታስለቅቀው ምልክት ይኸ ነው።››

መምህር ነኝና ምክንያቱን ላስረዳ። ጥርስ ከጥርስ ጋር በአንድ ቦታ ለዓመታት ሲፋተግ እያንዳንዱ ጥርስ በጎረቤቱ ልክ ይበላል። ቦታውን ስትቀይሩት የተበላው ካልተበላው ጋር ይገናኛል፣ ያን ጊዜ እጅ ላይ ይታወቃል። ይህ በሰባቱ ገጽ ማስታወሻዬ ውስጥ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ከየትኛውም ሰው እንደዚያ ያለ ትምህርት አላገኘሁም። እዚያው ተጋድሜ፣ አቧራ ዐይኔ ውስጥ እየገባ፣ መማሬ ደስ ከማሰኘት ይልቅ አቃጠለኝ። ይህን እኔ ላገኘው ሲገባኝ አልኩ።

ብሎኖቹን ስናጠብቅ ለወይዘሮ አልማዝ እነግራቸዋለሁ አያ አልኳቸው በሹክሹክታ።

‹‹ሸጋ›› አሉ። ‹‹ስትወጣ ጭንቅላትህን እንዳትመታ።››

ስንወጣ ወይዘሮ አልማዝ ስልክ እያወሩ ነበር። ስልኩ ረዘመ። ከዚያ ጉዞው ተጀመረ፣ ሰው ጉዞ ላይ እያለ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም አልኩ። መኪናዋ እስከ መካነ ብርሃን ድረስ እንደ ውሃ ሄደች። እዚያም እንግዳ ነበርን፣ በእንግድነት ላይ አይነገርም። ነገ አልኩ። ሰኞ ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ደብዳቤ ተለጥፎ አገኘሁ። አያ ጓዴ በፒክአፑ ዘንግ አገጣጠም ጥፋት ምክንያት የወርክሾፑን ቁልፍ አስረክበው ወደ ዋናው በር ጥበቃ እንዲዛወሩ፣ በጥገና ሥራም እጃቸውን እንዳያስገቡ ይላል። ከዚህ በኋላ ወርክሾፑ ሙሉ በሙሉ የእኔ ሆነ። ሁለት ዓመት ስመኘው የኖርኩት ይህንኑ ነበር።

አያ ጓዴ ሳጥናቸውን ተሸክመው ወደ በሩ ሄዱ። ቁልፉን ያስረከቡት ለእኔ ነው። የትኛው የእቃ መሳቢያ ሲከፈት ትንሽ ከፍ መደረግ እንዳለበት፣ የትኛው መኪና ማንሻ ክሪክ በቀስታ እንደሚያንጠባጥብ አንድ በአንድ ነገሩኝ፣ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

የእረፍት ደወል ሲደወል ተማሪዎቹ ግቢውን አቋርጠው ወደ በሩ ይሄዳሉ። ከወርክሾፑ መስኮት አያቸዋለሁ። አያ ጓዴ ጥገና ላይ እጃቸውን እንዳያስገቡ ስለተከለከሉ ምንም አይነኩም። በሚገባና በሚወጣ መኪና ድምፅ ላይ ግን ያነጋግሯቸዋል። ይቺ ምን ያማታል፣ ከየት በኩል ነው የምታቃስተው እያሉ። ሰሚራ መዳፏ ላይ ትጽፋለች። እኔ ንጹሕ ወርክሾፕ ውስጥ፣ በሁለት ቀለም ከተጻፈ ሕጌ ስር፣ ቆሜ እቀናለሁ። አሁን ደግሞ በጥበቃ ሠራተኛ።

ልነግራቸው ብዬ ሁለት ጊዜ ወደ በሩ ሄጃለሁ። ይቅርታ የሚለውን ቃል እንኳ መንገድ ላይ ተለማምጄዋለሁ። ሲያዩኝ ከሳጥናቸው ብድግ ይሉና ማኪናዪቱ ደህና ናት ወይ መምህርየ ይሉኛል። ደህና ናት እላቸዋለሁ። ሌላ ነገር አይጠይቁኝም። ተመልሼ እሄዳለሁ። ጡረታ ሲወጡ ኮሌጁ ጋቢ አለበሳቸው፣ የስንብቱን ንግግር እንዳደርግ የተመረጥሁትም እኔ ነበርኩ፣ ንግግሬ ሥርዓት አለው ይባላልና። ስለ ታታሪነታቸው፣ ስለ ትሕትናቸው፣ ስለ ታማኝነታቸው ተናገርኩ። ታማኝነት ላይ ስደርስ ንባቤን አቁሜ ወረቀቱን አገላበጥሁ። ሰው በስሜት መስሎት አጨበጨበ።

ከዚያ ባለፈው ሳምንት ማረፋቸውን ሰማን።

መርዶውን በሰማን በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ የተግባር ክፍለ ጊዜ ነበረኝ። ዕቅዴን አጥፌ ከእቃ ማውጫው አንድ አሮጌ ዘንግ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስተኛሁ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ነጥቦቹን አውቄ እንዳጠፋኋቸው፣ በግልባጩ የገጠምኩት እኔ እንደሆንኩ፣ መንገድ ላይ ስንጠየቅ ዝም እንዳልኩ፣ አያ ጓዴ ወደ በር የወረዱት በእኔ ዝምታ እንደሆነ።  ጨርሼ ቀና አልኩ። የፈራሁት ንቀታቸውን ነበር፣ ፊታቸው ላይ ፈለግሁት።

‹‹እናውቃለን እኮ፣ ቲቸር›› አለች ሰሚራ። ‹‹እርስዎ ሲገጥሙት ቆመን እያየን ነበር።››

ይህ እንዴት አንድም ቀን እንዳልታሰበኝ ላስረዳችሁ አልችልም። ሃያ ሁለት ሰው እያየ የሠራሁትን ሥራ፣ ሃያ ሁለቱ እንዳይሰሙብኝ ብዬ ደብቄ ኖሬያለሁ።

ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ አልኳቸው።

‹‹ደብዳቤው የወጣ ቀን ለወይዘሮ አልማዝ ልንናገር ተነሥተን ነበር። የከለከሉን አያ ናቸው። ‘ተዉት፣ ራሱ ይናገራል። ቀኑን ብቻ አትቁጠሩበት’ አሉን።›› መዳፏን አየት አደረገችና ቀጠለች። ‹‹እኛ ግን ቆጥረናል።››

ከክፍሉ ወጥቼ በቀጥታ ወይዘሮ አልማዝ ቢሮ ገባሁ። ቆሜ ነገርኳቸው። አዳምጠው ሲያበቁ መሳቢያቸውን ከፈቱ፣ የዚያን ደብዳቤ ግልባጭ ፈልገው አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ብዙ ጊዜ አዩት። ‹‹ይህን ልሻረው፣ እሺ›› አሉኝ። ‹‹መሻሩን ለማን ልጻፍ?››

ደብዳቤው አናት ላይ ያለውን ስም እያየሁ ቆምኩ።

ዛሬ በአያ ጓዴ መቅናቴን ትቻለሁ ብዬ ብነግራችሁ ሐሰት ይሆንብኛል። ድሮ የቀናሁት በእጃቸው ነበር። አሁን የምቀናው በአስፋልቱ ዳር በቆሙባት በዚያች ደቂቃ ነው፣ ስማቸው እየጎደፈ እኔን መጠበቅ በቻሉባት። እጃቸውን በልምምድ ልደርስበት እችል ይሆናል፣ ጥርስ ከጥርስ ዐይኔን ጨፍኜ መለየት ጀምሬያለሁ። ያቺን ደቂቃ ግን እንዴት እንደምለማመዳት አላውቅም።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከእናንተ መካከል በሌላ ሰው ላይ ያደረ የራሱ ጥፋት ያለው አይጠፋም። ሰውየው አጠገባችሁ ሆኖ፣ በር ላይም ተቀምጦ ቢሆን፣ ደህና ናችሁ ወይ እያለ በሚጠይቃችሁ ጊዜ፣ ስልኩ እስኪያልቅ፣ ጉዞው እስኪፈጸም አትጠብቁ። መልሱ ‹‹እኔ ነኝ›› የምትል ሁለት ቃል ናት፣ ረጅም መግቢያ አያስፈልጋትም። እኔ የሞከርኳት ሰሚው ከሄደ በኋላ ነው። እናንተ ነገ ጠዋት፣ ሥራ ስትገቡ፣ እስቲ ሞክሯት።